የእንግዳ ውሃ

የዚያን ቀን በቤቴ ጓሮ፣ ከጥዱ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ በዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና የምታስተምረው ልጄ፤ ከእሷ ጋር ጥናቱን የሚሠሩት ሦስት ሰዎች፣ ማለትም አንዲት የጤና ተመራማሪ፣ ስለ አፈርና ስለ ዛፍ የሚያጠና አንድ ወጣት፣ ፀጉራቸው የሸበተ የሕግ መምህር፤ የደብራችን ቄስ፤ ከመጠለያው የመጣች አንዲት እናት፤ በጀርባዋ ያዘለቻት ልጇ። የታዘለችውን ልጅ ቆጥሬ ስምንት ነን። ሌላ ሰው ሲያወራው ሰባት ነበሩ ይላል። እኔ ግን እቆጥራታለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በእሷ ሆድ ምክንያት ነውና።

ቤቴ ደብረ ብርሃን ዳር ነው፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳው የሚጀምርበት። ከቤቴ በታች አንድ ምንጭ አለ። ድሮ ከዚያ የምንቀዳው ጥቂት ቤቶች ነበርን። ከምዕራብ በኩል ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች መጠለያው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን፣ ለመጠለያው የሚመጣው ውሃ የማይበቃበት ቀን ሲኖር ጀሪካን ይዘው ወደ እኛ ምንጭ መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ፈራሁ። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ውሃው ያልቃል ብዬ፣ ሰው ይጣላል ብዬ፣ ልጆች ገደሉ ላይ ይንሸራተታሉ ብዬ። ከእነሱ መካከል ያቺ እናት አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ልጇን እሳት ዳር ላሙቃት ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ እናንተ አገር ፀሐይዋም ጋቢ ለብሳ ነው የምትወጣው» አለችኝ እጇን እያሸች።

በመጣችበት አገር በቆሎና ቡና ነበራቸው። እዚያ ብርድ የሚባል ነገር አታውቅም። ልጅቷ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለባት፣ ሲሸሹ ከመኪና ላይ ስትወርድ ያገኛት ነው። ሆዷን ያማታል። ሳምንት ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ ደግሞ ተቅማጡ ይመለስና ዓይኗ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔም ሁለት ልጅ በዚህ ዓይነት ሕመም ሊያመልጠኝ ሲል ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያን የጎደጎደ ዓይን አውቀዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቷ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ለልጄ ነገርኳት። ልጄ ስለ ሥራዋ ብዙ አትነግረኝም፤ ብትነግረኝም አይገባኝም፣ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ግን ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ ከሦስቱ ባልደረቦቿ ጋር መጣች። አራት ዓይነት ሙያ ለአንድ ምንጭ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኳት።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ልጆቹ ለምን እንደሚታመሙ እሷ ታያለች። ውሃው የሚቆሽሸው ከየት እንደሆነ እሱ ያያል። እንዴት እንደሚጠራ እኔ አያለሁ። ይሄን ሊሠራላቸው የሚገባው ማን እንደሆነ ደግሞ መምህሩ ያያሉ።»

የሕጉ መምህር ነገር ግራ ገባኝ። ውሃና ሕግ ምን አገናኛቸው? እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የአፍሪካ አገሮች የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ በገዛ አገሩ ውስጥ ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ምግብና ውሃ፣ መጠለያና ሕክምና እንዲያገኝ መንግሥት ይገደዳል ይላል አሉኝ።

«ታዲያ የፈረሙት ሰዎች የኛን ምንጭ ያውቁታል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ምንጩን አያውቁትም፣ እናታችን። እሷን ግን ያውቋታል» ብለው በአገጫቸው ያቺን እናት አሳዩኝ፤ ጀሪካኗን ተሸክማ ዳገቱን እየወጣች ነበር።

የተማረ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ አራቱ ግን አልተቀመጡም። የአፈሩ ወጣት በሄደበት ሁሉ አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ በትንሽ ከረጢት ያስራል፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይጽፍበታል። አንድ ቀን የጻፈው ሰዓት ልክ አልመሰለውም መሰለኝ፣ የያዘውን አፈር ደፍቶ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና አመጣ። ዝናብ ነበር። የጤናዋ ተመራማሪ ከሸራ ወደ ሸራ እየዞረች፣ ከእናቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ እያለች፣ በየሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ጠጣች፣ ምን በላች። አትሰለችም። ልጄ ደግሞ ባልዲ ከምንጩ ሥር አስቀምጣ፣ እስኪሞላ ድረስ ሰዓቷን እያየች ትቆማለች፤ ከዚያ ትደፋዋለች፣ ደግሞ ታስቀምጣለች። ከእኔ የበለጠ ጠንቃቃ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅኩት በዚያ ክረምት ነው።

እኔንም ሥራ ሰጡኝ። ልጄ ክዳናቸው የታሸገ ትንንሽ ጠርሙሶች አመጣችልኝና፣ «እማዬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከምንጩ እየቀዳሽ በነዚህ ሙዪልኝ። ባልደረቦቼ ማን ይቅዳ ሲሉ እናቴ ትቅዳ፣ እንደሷ የሚጠነቀቅ የለም አልኳቸው» አለችኝ።

ይህቺ ቃል ናት ያሳሳተችኝ።

እኔ ያደግሁት አንኮበር፣ ከጎረቤላ በታች ነው። በእናቴ ቤት ሁለት እንስራ ነበር፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የእንግዳ። የእንግዳው ውሃ የሚቀዳው ጎህ ሲቀድ፣ ከብት ሳይወርድበት፣ ሰው ሳያደፈርሰው ነው። በእጥፍ ነጠላ ይጠለላል። ከዚያ ክዳኑ ተገጥሞ ማንም ሳይነካው ያርፋል። እኛ ልጆቹ በጥማት ብንሞት ከዚያ እንስራ አንቀዳም። እናቴ፣ «እንግዳ ገበናሽን የሚያየው ከውሃሽ ነው» ትል ነበር። እኔም ትዳር ይዤ ደብረ ብርሃን ስመጣ ይህን ልማድ ይዤ መጣሁ፤ እንስራው በባልዲ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ ያን ጠርሙስ ሳየው የት እንደሚሄድ አሰብኩ። ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው። የተማሩ ሰዎች በመሣሪያ ሊያዩት ነው። ልጅ ለፈተና ሲሄድ ፊቱ ታጥቦ፣ ንጹህ ልብስ ለብሶ አይደለም? በውርጭ ተነሥቼ ወረድኩ። ምንጩ ጸጥ ብሎ ሳለ በቅል ከላይ ከላዩ ቀዳሁ። ቤት ገብቼ በአዲስ ነጠላ አጠለልኩት። አሳረፍኩት። ይህም አልበቃኝ፤ ሐኪም የሚያየው ውሃ ነውና ብዬ በኩበት እሳት አፈላሁት፣ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ በጠርሙሱ ሞላሁ። ልጄ ስትመጣ ወደ ብርሃን አነሣችና፣ «ጎሽ፣ እማዬ» አለችኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ከባልደረቦቿ ፊት የእናቷ ውሃ ውስጥ ትል ቢዋኝ ኖሮ ምን ይሰማት ነበር እያልኩ ነበር የምፈራው። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም።

መስከረም ላይ ልጄ እሑድ ቀን መጣች፤ ፊቷ አላማረኝም። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«የሚገርም ነገር ነው። ውሃው ንጹህ ነው፣ እማዬ። ምንም የለበትም።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ኮራሁ።

«ታዲያ ይሄ ምን ያሳዝናል?»

«ልጆቹ እየታመሙ ነዋ! ምንጩ ንጹህ ከሆነ ቆሻሻው ከጀሪካኖቻቸው ነው፣ ወይ ከእጃቸው። እንደዚያ ብለን መጻፋችን ነው። ምንጩን መገንባት ቀርቶ ስለ ንጽሕና ትምህርት ይሰጣቸው ይባላል።»

እጄ ምስሩ ውስጥ ቀረ። የሆነ ነገር እንዳጠፋሁ ያን ጊዜ ተሰማኝ፣ ግን ምን እንደሆነ ራሴም በደንብ አልለየሁትም። ወይም ለይቼው ፈራሁ። የክረምት ሥራቸው ሁሉ በእኔ እጅ ሊበላሽ ነው፤ ልጄ ከባልደረቦቿ ፊት እናቴ ትቅዳ ብላ ነበር። ሳልነግራት ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።

በማግስቱ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ያቺ እናት ጀሪካኗን በአሸዋና በቅጠል ታሽ ነበር። እጇ በብርዱ ቀልቷል። ዕቃችሁን እጠቡ ተብለው ነበርና ከሁሉ ቀድማ የምታጥበው እሷ ናት። ልጅቷ አሟት ነበር። ከጤና ጣቢያ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥተዋት ነበር፤ የምትበጠብጠው ግን በዚያው ባጠበችው ጀሪካን፣ ከዚያው ምንጭ በተቀዳ ውሃ ነው። ከብቶች ከላይ ቆመው ነበር፤ ውሃው ቡናማ ነበር። ወደ ቤት ወስጄ ካፈላሁት የእንግዳ ውሃ አንድ ጀሪካን ሞላሁላት።

በአራተኛው ቀን መጥታ፣ «እትዬ፣ ልጄ እኮ በላች! ቂጣ ነጠቀችኝ» አለችኝ። ውሃው ባለቀ በሳምንቱ ልጅቷ ተመልሳ ታመመች። ከዚያ በኋላ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

አራቱ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ያገኙትን ነገር ከመጻፋቸው በፊት የምንጩ ተጠቃሚዎች መስማት አለባቸው ብለው ነው የመጡት። ይህም የሚያስገርመኝ ነገራቸው ነው፤ ስለ እኛ የሚጻፈውን ለእኛ አስቀድሞ የነገረን ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ከጥዱ ሥር ተቀመጥን። የጤናዋ ተመራማሪ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች ተናገረች። ምንጩ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ዕቃ ላይ፣ እጅ ላይ ብናተኩር፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ያቺ እናት ተነሣች።

«የኔን ጀሪካን ነው? ነይ አሽትቺው! ነይ፣ አፍንጫሽን አስገቢው! ቤት የለኝም፣ አልጋ የለኝም፣ ያለኝ ጀሪካን ነው፤ እሱን ደግሞ ከፊቴ አብልጬ ነው የማጥበው።»

«ልጄ፣ ረጋ በዪ» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ እርስዎ ጠበል ስለሚጠጡ ነው የሚረጉት።»

የአፈሩ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ። የጤናዋ ተመራማሪ አልተቆጣችም፤ «እንዲህ የሚለው የጠርሙሶቹ ውጤት ነው» አለች። ልጅቷ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ወደ እኔ ታያለች። ዓይኗ እንደገና ወደ ውስጥ ገብቷል። ተነሣሁ።

«ጀሪካኑ አይደለም፣ ልጆቼ» አልኩ። «ያ በጠርሙስ የሰጠኋችሁ የእንግዳ ውሃ ነው።»

«የምን እንግዳ?» አለ ወጣቱ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎህ ሲቀድ መቅዳቴን፣ ነጠላውን፣ ማሳረፌን። በመጨረሻም እሳቱን።

«አፍልተሽው?» አለች ልጄ በቀስታ።

«አፍልቼው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንዱንም አላጓደልኩም።»

 ከዚያ ያቺ እናት ሳቋን ለቀቀችው። «ወይኔ እትዬ! እኛ ጭቃውን ስንጠጣ ጠርሙሱ እንግዳ ሆኖ የፈላ ይጠጣል! ምነው እኔንም በጠርሙስ ውስጥ በወለዱኝ!» አለች። ቄሱ ጥርሳቸውን ለመሸፈን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሁሉም ሳቀ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። የጤናዋ ተመራማሪ ደብተሯን ገልጣ የክረምቱን የውሃ ውጤት ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ አድርጋ። አጠገቡ ቀኑንና ምክንያቱን ጻፈች።

«ለምን ገጹን ቀደሽ አትጥይውም?» አልኳት፤ እንዲጠፋልኝ ፈልጌ ነው።

«ስህተቱም የጥናቱ አካል ነው፣ እማማ። ከቀደድነው ሌላ ሰው ይደግመዋል።»

ከዚያ ተነሥታ ያቺ እናት ፊት ቆመች። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ዕቃሽን ከመጠርጠሬ በፊት ውሃው እንዴት እንደተቀዳ መጠየቅ ነበረብኝ» አለቻት። የተማረ ሰው በሸራ ቤት ያለን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ስታይ፣ ያቺ አፈኛ እናት ጀሪካኗን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። የሕጉ መምህርም፣ «እናታችን፣ እኔ ስንት ምስክር ሲናገር ሰምቻለሁ። በራሱ ላይ የሚመሰክር ጥቂት ነው» አሉኝ። እኔ ግን የማየው ልጄን ነበር።

ሰዎቹ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ልጄ ወደ ኋላ ቀረች።

«እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ከዚያ ምንጭ ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ጭቃውን አውቀዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅጂ አልኩሽ እንጂ እንዴት እንደምትቀጂ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። እናቴን አውቃታለሁ ብዬ።» ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ወረደች።

ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንዳቸውም ሲያማርሩ አልሰማሁም። በዚህ ጊዜ ጠርሙሱን የምንሞላው እኔና ያቺ እናት አብረን ነን፤ ሰው በሚቀዳበት ሰዓት፣ ሰው በሚቀዳበት ዕቃ፣ ከብቱ ከላይ እንደቆመ። እሷ ትይዛለች፣ እኔ እቀዳለሁ። «እትዬ፣ እጅዎ እንዳይሳሳት፣ እንዳያፈሉት» እያለች ታሾፍብኛለች። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ክፉ ነበር። የአፈሩ ወጣት የውሃውን መንገድ ተከትሎ ወደ ላይ ወጣና ከብቶች የሚያርፉበትን ቦታ አገኘ፤ ዝናብ ሲጥል ፋንድያው የሚወርደው በቀጥታ ወደ ምንጩ ዓይን ነው። ቄሱ ይህን ሲሰሙ፣ «የኔም ላም አለችበት» ብለው ከሁሉ ቀድመው ላማቸውን አዛወሩ።

ልጄ የምንጩን ግንብ ንድፍ ስትሥል አሳየችኝ። ከላይ አጥር አለው፣ ዓይኑ በድንጋይና በጠጠር ይሸፈናል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ቧንቧው ከመሄዱ በፊት የሚቆይበት ዝግ ክፍል አለ። «ይቺን ማረፊያ የአንኮበሯ አያቴ ብታያት ታውቃታለች» አለችኝ። እንደዚያም ሆኖ ለትንንሽ ልጆች ማፍላቱ አይቅር ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀች። የሕጉ መምህር ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። አንብበው ሲያሰሙን «እንለምናለን» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁበት። ስጠይቃቸው፣ «የሚገባውን የሚጠይቅ ሰው አይለምንም» አሉኝ። ድንጋዩን ያመላለስነው የኛም የመጠለያውም ሰዎች አንድ ላይ ነን፤ ያቺ እናት ልጇን እንዳዘለች ታመላልስ ነበር፣ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለችኝ። ልጅቷን ከእኔ ቤት በሚፈላው ውሃ ነበር የምናጠጣት፤ ጉንጯ ሞላ ሞላ ማለት ጀምሮ ነበር።

ግንቡ አልቆ ቧንቧው ሳይከፈት፣ ከመጠለያው የተወሰኑት ሰዎች በመኪና ሄዱ። ወደ መጡበት ተመለሱ የሚልም አለ፤ ሌላ ቦታ ነው የሚልም አለ። በዚያ ቀን እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ጀሪካኗ ታጥቦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጎረቤቴ ጠብቃሽ ጠብቃሽ መኪናው ጮኸባት አለችኝ። የሰጠችኝ ስልክ አይሠራም። አሁን ከቧንቧው ጥርት ያለ ውሃ ይወርዳል፤ አራቱ አሁንም እየመጡ ይመረምሩታል፤ እኔም በሷ ጀሪካን ነው የምቀዳው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ ከመጠለያው የሄዳችሁ፣ ወይም በዚያ በኩል ዘመድ ያላችሁ፤ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ ያለባት፣ አሁን ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ያላትን፣ ቀልድ የምታውቅ እናት ካያችኋት እባካችሁ ንገሩኝ። ከደብሩ በታች፣ ከምንጩ በላይ ያለው ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኙኛላችሁ። ልጅቷ ደህና ናት? የምትጠጣው ውሃስ ከየት ነው?